ከሁለቱ ሙዚየሞች አንዱ

ጥቅምት 3 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በተሟላ ሰላም እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። «ደህና ነን» ስል የእናቴ ዐይን ሲመሽ ከመደብዘዙ በስተቀር ማለቴ ነው፤ ለሰላምታ ሲባልም ቢሆን ያልሆነውን ሆኗል ብዬ መጻፍ ስለማይሆንልኝ ይህን ጨምሬያለሁ።

የምሠራበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ለሥልጠና ወደ እርስዎ ከተማ ሊልከኝ ወስኗል። ሥልጠናው ስለ መጻሕፍት አመዘጋገብ ሲሆን በጥር የመጀመሪያው ሳምንት ይካሄዳል። ከአምስቱ ቀናት መካከል ነፃ የሆነው ሐሙስ ብቻ ነው። ኃላፊያችን ሐሙስን ለገበያ መድበውታል። እኔ ሙዚየም ማየት እንደምፈልግ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ የሞተ ዕቃ ለማየት ድንበር ይሻገራል?» አሉኝ። «እኛስ ዓመቱን ሙሉ አቧራውን የምናራግፈው የማንን ዕቃ ነው?» ብዬ መለስሁላቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ አብረን ሻይ አልጠጣንም፤ አልተጸጸትሁም።

ምክርዎን የምሻበት ጉዳይ ይህ ነው። በከተማዎ ሁለት ሙዚየሞች እንዳሉ አንብቤያለሁ። አንደኛው በመሐል አደባባዩ ላይ ያለው ትልቁ ሙዚየም ነው፤ አርባ ሁለት አዳራሽ አለው ይባላል። ሁለተኛው በከተማው ዳርቻ፣ በቀድሞው የክር ፋብሪካ ውስጥ ያለው ትንሹ የእጅ ሙያ ሙዚየም ነው። ሁለቱም ከጠዋቱ ሦስት እስከ ዐሥር ሰዓት ክፍት ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። እኔ ደግሞ ከየዕቃው ሥር የተጻፈውን መግለጫ ሳላነብ ማለፍ አልችልበትም። ስለዚህ አንዱን መምረጥ ግዴታዬ ነው። ልቤ ወደ ትንሹ ያደላል፤ የልብስ ስፌት ክፍል እንዳለው ስላነበብሁ ለእናቴ የምነግራት ነገር አገኛለሁ ብዬ ነው። ነገር ግን በዚያ ከተማ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖሩትና አራት መኪና ያለው የስፌት ቤት የሚያስተዳድሩት እርስዎ ነዎት። የትኛው ይሻላል ይላሉ?

ደብዳቤ የመረጥሁት ስልክ አጥቼ አይደለም፤ የተጻፈ ነገር ተመልሶ ስለሚነበብ ነው።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 19 ቀን

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣ ለዳኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሥራው ግን አላስተነፍስ ብሎኛል። እትዬን ዐይኗን ሳሚልኝ። በመብራት አትስፋ በያት፤ ብትነግሪያትም እንደማትሰማ አውቃለሁ፣ ግን በያት።

ትመጫለሽ ማለት ነው! ገና የአራት ዓመት ልጅ ሆነሽ «የእኔ ዳቦ ከአጎቴ ያንሳል፣ ይለካ» ያልሽው ልጅ አድገሽ ድንበር ልትሻገሪ! ደስታዬን በወረቀት አልችለውም።

ምርጫውማ ምን ምርጫ አለው? ትልቁ ነው። ከትልቁ ደረጃ ላይ ቆመሽ ካላየሽው ከተማዬን አየሁ አትበዪ። ያንን ትንሹን ቤት ሙዚየም ብለሽ አትጥሪው፤ የክር መጋዘን ነበረ፣ ዛሬም መጋዘን ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ዘበኛው ይተኛል። ደግሞም ለእድሳት ተዘግቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። እዚያ ድረስ ለፍተሽ የተዘጋ በር አይተሽ እንድትመለሺ አልፈልግም። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ሁለት ትኬት ቆርጬ ከትልቁ ሙዚየም ደረጃ ላይ እጠብቅሻለሁ። ተነጋግረን ጨርሰናል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። በድሮው ሱቃችን የተነሣነው ፎቶ አለ፤ እኔ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጬ፣ እትዬ ከኋላዬ መቀስ ይዛ የቆመችበት። እሱን ቶሎ ላኪልኝ፤ ለአንድ ጉዳይ ተፈልጎ ነው። እኔ ያለሁበት ግማሽ ብቻ ቢሆንም ይበቃል፣ ፖስታው እንዳይከብድ።

አጎትሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

በሰላምና በጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ።

ፎቶው አልተላከም፤ አይላክምም። ፎቶግራፍ በመቀስ ለሁለት የሚከፈል ጨርቅ አይደለም። ለአንድ ወረቀት ክብደት የተጨነቁ መስሎኝ ደብዳቤዎን በመጀመሪያ ሳነበው ስቄ ነበር። አሁን አልስቅም።

ለእርስዎ በጻፍሁበት ቀን ለሁለቱም ሙዚየሞች ጽፌ ነበር፤ ከመምረጤ በፊት ሁለቱንም መመርመር ልማዴ ነው። ትልቁ ሙዚየም አልመለሰልኝም። ትንሹ ግን መለሰ። አልተዘጋም። ጣሪያው ማፍሰሱን አልጠየቅሁም። «በመጋቢት አዲስ ክፍል እንከፍታለን» ብለው ከአክብሮት ጋር የስፌት ክፍላቸውን የዕቃ ዝርዝር ላኩልኝ። ጥቅምት 30 ቀን ደረሰኝ። በዝርዝሩ ውስጥ ቁጥር 212 እንዲህ ይላል፤ ቃል በቃል ወደ እኛ ቋንቋ መልሼዋለሁ፦

«የሴት ካፖርት መቁረጫ ንድፍ፤ በካኪ ወረቀት፤ ሠላሳ አራት ቅጠል።» ቀጥሎ «ንድፍ አውጪና ለጋሽ» ይልና የእርስዎ ስም ከስፌት ቤትዎ አድራሻ ጋር ተጽፏል። ከዚያም «በእርሳስ የተጻፉት ቁጥሮች ሁሉ ከወረቀቱ እውነተኛ ልክ በሁለት ሴንቲሜትር ይበልጣሉ። ለጋሹ ሲጠየቁ ለስፌት የሚተው ትርፍ ነው ብለዋል፤ ሆኖም የስፌት ትርፉ በወረቀቱ ላይ ለብቻው ተሠምሯል። ምክንያቱ እስከ ዛሬ አልታወቀም።»

ለእኔ ግን የታወቀ ነው፣ አጎቴ። የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። እርስዎ የጋለ ካውያ በእናቴ መለኪያ ሜትር ጫፍ ላይ አስቀምጠው ወደ በር ወጡ፤ ሲመለሱ የሜትሩ ጫፍ ቀልጦ ነበር። እናቴ የተቃጠለውን ቆርጣ ጣለችና «ሜትር ከማጣት ከሁለት የሚጀምር ሜትር ይሻላል» አለች። ከዚያ ወዲህ ሰውንም ወረቀትንም በዚያው ሜትር ስለምትለካ አንድም ልብስ አልተበላሸባትም፤ የምትጽፈው ቁጥር ብቻ ከእውነቱ በሁለት ይበልጥ ነበር። ዳቦ ሻጯ ጎረቤታችን የወገቧን ልክ ሰምታ «ወፈርሁ እንዴ?» ብላ ስትደነግጥ፣ እናቴ «አንቺስ አልወፈርሽም፤ ወንድሜ ነው ያወፈረሽ» ብላት ሱቁ በሳቅ ሲፈርስ አስታውሳለሁ። በዓለም ላይ ከሁለት የሚጀምር ሜትር ይዞ ካፖርት የነደፈ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም እርስዎ አይደሉም።

እነዚያ ወረቀቶች የስምንት ዓመት ሥራ ነበሩ። ሲሄዱ በሻንጣዋ አድርጋ የሰጠችዎ በዚያ ከተማ ላለ ትልቅ የስፌት ቤት እንዲያሳዩላትና ከተወደዱ እሷም እንድትከተልዎ ነበር። ከወር በኋላ «ሻንጣው ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወድቆ ጠፋ» የሚል ደብዳቤዎ ደረሰን። ቅጂ አልነበራትም። ሱቁን ዘግታ የዩኒፎርም ፋብሪካ ገባች፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌላ ሰው የቆረጠውን ሱሪ ጠርዝ ትሰፋለች። ዐይኗም እዚያው ደከመ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በመግለጫው ላይ የሠሪዋ ስም እንዲጻፍ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ለሙዚየሙ በእጅዎ ይጻፉ፤ ቅጂውንም ለእኔ ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 28 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና አይደለሁም፤ አንቺ ምን አገባሽ።

እርስዎ፣ እርስዎ ትይኛለሽ። እንዲህ ያለ አንቱታ ከስድብ ይብሳል። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ እንኳ የዘመድ ነው። ያንን እንደ ጡብ የከበደ መዝገበ ቃላት ከዚህ የላክሁልሽ እኔ አይደለሁም? ይህን ሁሉ ዓመት ገልጠሽ ገልጠሽ ለአጎትሽ ያገኘሽለት ቃል ይሄ ነው? የሥጋ ትል ሆንሽብኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ከዚያ ፍረጂ። ሻንጣው ጠፍቷል። ሦስት ቀን ጠፍቷል። በአራተኛው ቀን የአውቶቡስ ጣቢያ ሠራተኛ አገኘው። ደብዳቤው ግን ሄዷል። ነገ ጽፌ አስተካክላለሁ አልኩ፤ ነገ ሥራ ፍለጋ ሆነ። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። ውሸት ሲውል ሲያድር ሥር ያወጣል፤ አንቺ በመጽሐፍ ውስጥ ስለምትኖሪ አታውቂውም። ወረቀቶቹን ይዤ ወደ ትልቁ የስፌት ቤት ገባሁ። ባለቤቱ አገላብጦ አየና «ማነው የነደፈው?» አለኝ። ከድንበር ማዶ ያለች ሴት ናት ብል፣ «እሷ ስትመጣ ና» ብሎ ያባርረኝ ነበር። የሚፈልገው ፊቱ የቆመ እጅ ነው። «እኔ» አልኩት። አንዲት ቃል ናት። በዚያች ቃል ዳቦ በላሁ።

ደግሞስ እነዚያ ወረቀቶች እናንተ ቤት ቢቀሩ ማን ያያቸው ነበር? አይጥ። ዛሬ በመስታወት ውስጥ ናቸው፤ ሰው ቆሞ ያያቸዋል። እኔ ነኝ ለዚህ ያበቃኋቸው።

አሁን ጠቡን እንተው። ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አለ። «ንድፉን ለወንድሜ በስጦታ ሰጥቼዋለሁ» ነው የሚለው፤ ሌላ ነገር የለውም። እትዬን አስፈርሚልኝ። ዐይኗን እያመማት እንድታነብ አታስቸግሪያት፤ የሚፈረምበትን ቦታ ብቻ በጣትሽ አሳያት።

እስካሁን እንዳልነገርሻት አውቃለሁ። ብትነግሪያት ኖሮ የሚጽፍልኝ አንቺ አትሆኚም ነበር። እና ዳኛዬ፣ የምትደብቂው አንቺም ነሽ። ገመና ነው፤ ሸፍኚው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ።

ወረቀትዎን አልቀደድሁትም፤ ማስረጃ አይቀደድም። በቁጥር 212 መግለጫ ቅጂ ላይ አያይዤ አስቀምጬዋለሁ። ዐይኗ የደከመን ሴት ሳታነብ ለማስፈረም የሚጠይቅ ሰው ሁለተኛ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ በአንድ ነገር ላይ እውነት ተናግረዋል፤ እውነትም ከማንም አፍ ቢወጣ እውነት ነው። ለእናቴ አልነገርኋትም ነበር። «እስኪጣራ» ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነበር፤ ዓመት ሙሉ ሊጣራ የሚችል ምክንያት። አፍሬበታለሁ። ትናንት ነገርኋት።

ከሥራ ተመልሳ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ፣ ከቀሚሷ ላይ የፋብሪካውን ክር እየለቀመች ነበር።

«ሻንጣው አልጠፋም» አልኋት።

«የትኛው ሻንጣ?» አለች፤ በቤታችን ከአንድ በላይ ሻንጣ ኖሮ እንደማያውቅ እያወቀች።

ቁጥር 212ን ወደ እኛ ቋንቋ እየመለስሁ አነበብሁላት። «ሠላሳ አራት ቅጠል» የሚለው ላይ ስደርስ «ትክክል ነው፣ ሠላሳ አራት ነበሩ» አለች፤ የቆጠራ ሠራተኛ እንደጠየቃት ሁሉ። የእርስዎን ስም ሳነብ ክሯን መልቀሟን ቀጠለች። ሁለቱ ሴንቲሜትር ላይ ስደርስ ፈገግ ማለት ጀምራ ተወችው። ከዚያም ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«እንግዲያው ገመዱ አልተፈታም?»

«የምን ገመድ?»

«የሻንጣው እጀታ ተሰብሮ ነበር። በገመድ ጠፍሬ ሰጠሁት። አውቶቡሱ ሊሄድ ሲል ቸኩዬ አንዴ ብቻ ቋጠርኩት።»

የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ደብዳቤዎን ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብሁት። «ገመዱ ላላ መሰለኝ» ይላል። በእጅዎ የተጻፈ ነው። የሚያመካኙበት ነገር አጥተው፣ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጥፋቱን በእሷ ጣቶች ላይ ጣሉት።

አጎቴ፣ እናቴ በፋብሪካው ያላትን ቅጽል ስም ያውቁታል? «ሦስት ቋጠሮ» ነው የሚሏት። እያንዳንዱን ክር ሦስት ጊዜ ሳትቋጥር አትለቅም፤ ስለዚህም ከሌሎቹ ትዘገያለች፣ አለቃዋም በሰው ፊት ይሳለቅባታል። እኔም ሳድግ ሰምቼ እስቅ ነበር። ቋጠሮው ከየትኛው ገመድ እንደመጣ ትናንት አወቅሁ። ስሟን መውሰድዎን ለሙዚየም ሠራተኛ ማስረዳት እችላለሁ። ይህን ለማን እንደማስረዳ ግን አላውቅም።

ለእኔም የሚገባኝን ሰጠችኝ።

«አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ጥቅምት ሠላሳ።»

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ታኅሣሥ ዐሥር።»

«አርባ ቀን። እሱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንቺ አርባ ቀን። ዘር ከልጓም ይስባል።» ይህን ብላ ተነሥታ ሄደች፤ ከቀሚሷ የለቀመችው ክር ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ዛሬ ጠዋት አለቃዋን የአምስት ቀን ፈቃድ ጠይቃለች፤ ፋብሪካው ከገባች ጀምሮ የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። ከእኔ ጋር ትመጣለች።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 25 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ይህን ለእትዬ አንብቢላት። ሁሉንም አንብቢላት፣ አታስቀሪ።

እትዬ፣ ሐሙስ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከትልቁ ሙዚየም ደረጃ ላይ እቆማለሁ። ትኬቱን ሦስት አድርጌዋለሁ። ውስጡ ደስ ይላል፤ ጸጥ ያለ ነው፣ መቀመጫ አለው። እዚያ የፈለግሽውን በይኝ። እንደ ልጅነቴ በጥፊ ምቺኝ፤ ቆሜ እቀበላለሁ። ወደዚያኛው ብቻ አትሂጂ። አዲሱ ክፍል በር ላይ ስሜ ይጻፋል ተብሏል፣ ፎቶውንም የፈለግኩት ለዚያ ነበር፤ ለመጋቢቱ መክፈቻ ደንበኞቼ በሙሉ ተጠርተዋል። ከዚያ መስታወት ፊት ካንቺ ጋር መቆም አልችልም። ሞክሬ አይደለም የምልሽ፤ አልችልም።

ገመዱን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። የሆነ ነገር መጻፍ ነበረብኝ።

ወንድምሽ


ጥር 12 ቀን

ለአጎቴ፤

ሐሙስ የሆነውን የምጽፍልዎ እርስዎ ስላልነበሩ ነው።

ያለፈውን ደብዳቤዎን ለእናቴ ሁለት ጊዜ አነበብሁላት። ሁለተኛውን ራሷ ጠየቀችኝ። የትኛው ሙዚየም እንደምንሄድ ግን አልነገረችኝም፤ እኔም ዳግመኛ በእሷ ፋንታ ላለመወሰን ምዬ ስለነበር አልጠየቅሁም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከማረፊያችን ወጣን። ፌርማታው ላይ «የክር ፋብሪካው» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። የዚያ አውቶቡስ መንገድ በመሐል አደባባዩ እንደሚያልፍ አስቀድሜ አላወቅሁም ነበር። አደባባዩ ላይ ቆመ፤ ልክ ከትልቁ ሙዚየም ደረጃ ፊት ለፊት። እናቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። እርስዎ ከደረጃው አጋማሽ ላይ ነበሩ፤ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ትኬቶቹን ጨብጠው፣ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን እያዩ።

«እሱ ነው» አለች።

«ነው።»

«ሸበተ እኮ።» ጥቂት ቆየችና «ካፖርቱ አምሮበታል። ትከሻውን አየሽው? የትከሻው አቆራረጥ የእኔ ነው» አለች።

«እንውረድ?» አልኋት። አልጠይቅም ብዬ የነበረውን ጠየቅሁ። በሩ ክፍት ነበር፤ አንዲት ሴት ጋሪዋን ለማውጣት እየታገለች ስለነበር ሹፌሩም አልቸኮለም። ለመውረድ በቂ ጊዜ ነበረን፤ ይህን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄዋለሁ» አለች። «አንድ ቀን ይጠብቀኝ።»

በሩ ተዘጋ።

ትንሹ ሙዚየም እርስዎ እንዳሉት አይደለም። ጣሪያው አያፈስም። ዘበኛው አልተኛም፤ እንዲያውም የእናቴን ቦርሳ ሁለት ጊዜ ፈተሸው። የስፌት ክፍሉ በመጨረሻው ፎቅ፣ የፋብሪካው ትላልቅ መስኮቶች ባሉበት ነው። በመስታወቱ ውስጥ ወረቀቶቹ እንደ ሙሉ ካፖርት ተገጣጥመው ተዘርግተዋል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት የእርስዎን ስም ነው፤ ደሜ ፈላ። እናቴ ስሙን አላየችም። ያየችው እጅጌውን ነው።

«ማነው እጅጌውን የገለበጠው?» አለች፤ ክፍሉ እስኪያስተጋባ ድረስ። «የታችኛውን ከላይ አድርገውታል! ይህን የሚለብስ ሰው ክርኑ ወደ ኋላ የሚታጠፍ መሆን አለበት!»

የክፍሉ ኃላፊ፣ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች ሴት፣ ድምፁን ሰምታ መጣች። እናቴ ያለችውን ተረጎምሁላት። ሳቀች፤ ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን አየችና ሳቋን ዋጠች። «ለጋሹ ይህን አላረሙላችሁም?» ብዬ ጠየቅኋት። «ለጋሹ ወረቀቶቹን ሰጥተውን ከሄዱ ዘጠኝ ዓመት ሆነ» አለችኝ፤ «አንድም ቀን ተመልሰው አይተዋቸው አያውቁም። ስንጋብዛቸው ሥራ ይበዛባቸዋል።»

አንድም ቀን። ይህን ስሰማ ቁጣዬ ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው አጣ። ለዚህ ያበቃኋቸው እኔ ነኝ ብለው የተመኩባቸውን ወረቀቶች አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለው ለማየት አልደፈሩም። ላዝንልዎ ሞከርሁ። ከዚያ ገመዱ ትዝ አለኝ።

እናቴ ስለ ሁለቱ ሴንቲሜትር ነገረቻት፤ ካውያውን፣ ሜትሩን፣ ዳቦ ሻጯን ሳይቀር። ኃላፊዋ ቆማ ጻፈች፤ እየጻፈች «ዘጠኝ ዓመት! ዘጠኝ ዓመት ስንከራከር!» ትል ነበር። መስታወቱን በቁልፍ ከፈተችና ነጭ ጓንት አመጣችላት።

«የራሴን ወረቀት በጓንት?» አለች እናቴ።

«ደንብ ነው» አልኋት።

«ያንቺ ደንብ» አለች፤ ግን አጠለቀች። ሁለቱን የእጅጌ ወረቀቶች አንሥታ ቦታቸውን አለዋወጠች።

ኃላፊዋ የእርስዎን የኅዳር ደብዳቤ እንድትጠቅስ አልፈቀድሁላትም፤ ተርጉሜ አሳየኋት እንጂ አልሰጠኋትም። የእርስዎ ስም ከመግለጫው ይነሣል። በአዲሱ ክፍል በር ላይም የማንም ስም አይጻፍም። ለደንበኞችዎ የሚነግሩትን እርስዎ ያውቃሉ።

ከዚያ ኃላፊዋ አዲሱ መግለጫ ምን እንዲል እንደምትፈልግ እናቴን ጠየቀቻት። እኔ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። ከታኅሣሥ ጀምሮ አርሜ፣ አሳጥሬ፣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬው በቦርሳዬ ይዤዋለሁ፤ «በአደራ ተቀብሎ በራሱ ስም ባቀረበው ሰው እጅ የቆየ» የሚል ሐረግ አለበት። እናቴ ግን ወረቀቴን አልጠበቀችም። የራሷን ስም ከአባቷና ከአያቷ ጋር ተናገረች። «ልብስ ሰፊ» አለች። ቀጥላ፣ «ያመጣው፣ ወንድሟ።»

«የሰረቀው ነው» አልሁ በእኛ ቋንቋ።

«አመጣው በዪያት።»

«እማዬ፣ ይህ እውነት አይደለም!»

«አላመጣውም? እኔ እዚህ ድረስ ላመጣው አልችልም ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ያመጣው እሱ ነው። ስሙን አልጻፍኩለትም፣ ወንድሜነቱን ግን ምን አድርጌ ልፋቀው? በያት አልኩሽ።»

ኃላፊዋ እርሳሷን ይዛ እኔን ትጠብቅ ነበር። አጎቴ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ቃሉን ብለውጠው ማንም አይደርስበትም ነበር፤ ቃሉም ለዘለዓለም በመስታወቱ ሥር ተጽፎ ይኖር ነበር። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ለመዋሸት ፈልጌ አላውቅም። እርስዎ «አንዲት ቃል ናት» ያሉት ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ፤ መረዳቴም እርስዎን የበለጠ እንድጠላዎ አደረገኝ፤ ቃሉን መተው ይቻል ነበርና።

«ያመጣው፣ ወንድሟ» ብዬ ተረጎምሁ።

ስንመለስ አውቶቡሱ በአደባባዩ አላለፈም። ትልቁ ሙዚየም ዐሥር ሰዓት ላይ ሲዘጋ ዘበኛው ከደረጃው እንዳስወረደዎ ለማረፊያችን ደውለው መናገርዎን ሰምቻለሁ። መልስ ያልሰጠነው ጠፍቶብን አይደለም።

እናቴ «ሰላም በይልኝ» ብላኛለች። የሰው ቃል ስለማልለውጥ አድርሻለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለው ሰላምታ የእሷ ብቻ ነው።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ